ዘይነባን ማን ጠየቃት?

ደሴ ላይ ለነርስ ተማሪዎች የሙያ ሥነ ምግባር ሳስተምር፣ ከአንድ የሕግ ባለሙያና ከአንድ ሼህ ጋር ሆነን ጥናት ጀመርን። ሴት ልጅ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? መልሱን ይዘን ሊወጣ ለታሰበው የጤና መመሪያ ሐሳብ ልናቀርብ ነበር። ኮምቦልቻ ወርጄ ዘይነባ የምትባል የፋብሪካ ሠራተኛ ቤቷ አገኘኋት።

«እጢ ነው ብለው አስተኙኝ» አለችኝ። «ማህፀኔ መውጣቱን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ልጅ እምቢ ቢለኝ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነው። ለካ ባሌ ፈርሞ ኖሯል። ወላሂ፣ እሱው ራሱ አትወልድም ብሎ ፈታኝ፤ ሌላ አገባ። እስከዛሬ ምን ተሰማሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።» ያለችውን ቃል በቃል ጻፍኩ።

ታሪኳን የመመሪያው ረቂቅ በሚታይበት ስብሰባ ላይ ሳነብ አንድ ኃላፊ «በአንዲት ሴት ወሬ መመሪያ ይወጣል እንዴ?» አለ። ሼሁ ቀበል አድርገው «ገላው የእሷ አይደለም እንዴ? ባል ምን ቤት ነው?» አሉት። በመጨረሻ «ታካሚዋ ራሷ ተነግሯት ሳትፈቅድ ቀዶ ሕክምና አይደረግም» የሚል አንቀጽ ገባ።

በማግስቱ የምሥራች ልነግራት እየበረርኩ ወረድኩ። ፋብሪካው በር ላይ አግኝቻት አነበብኩላት። «እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ለሚመጡት ደግ ነው» ብላ ሻሿን አጥብቃ ወደ ሥራዋ ገባች። ብቻዬን በሩ ላይ ቀረሁ። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት፤ ለእሷ የሚሆን አንድም አንቀጽ አልነበረበትም።