ላለፈ ክረምት የተሠራ ቤት

ከሰዓት በኋላ ድንገት የወረደው ዝናብ ባያስገድዳቸው ኖሮ ጋሽ ቱንቢ የሙዚየሙን ደጃፍ አይረግጡም ነበር። ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት ነው፤ ሙዚየሙ ከተከፈተ ጀምሮ ግን አንድ ቀን ገብተው አያውቁም። ቱንቢ፣ በግንበኛው የግድግዳ ማቅኛ ገመድ ስም፣ የተባሉት በግንበኝነታቸው ነው። እሳቸው ያቆሙት ግድግዳ እንደ ራሳቸው ነው፣ ቀጥ ያለና የማይናገር።

እኔ ለዚህች ከተማ እንግዳ የሆንኩ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነኝ። የዚያን ቀን የመጣሁት ተማሪዎቼን ለሙዚየሙ የቅዳሜ ፕሮግራም ለማስመዝገብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አዛውንቶች እየተጋበዙ ስለ አካባቢው ያዩትን ይናገራሉ፣ ልጆች ይሰማሉ፣ ንግግሩም ይቀዳል። ይህን የምትመራው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የጋሽ ቱንቢ የወንድም ልጅ ናት። አጎቷ በረንዳው ላይ ከኮታቸው ውሃ ሲያራግፉ ስታይ ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻቸውና ሻይ አቀረበችላቸው። እኔም ወግ ለመጀመር ያህል፣ ልጃቸው ታችኛው ሜዳ ላይ የጀማሪዎቹን መማሪያ ክፍሎች ሊሠራልን መዋዋሉን አንስቼ እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው። የልጁ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ነውና ይኮራሉ ብዬ ነበር። ሽማግሌው ግን ብርጭቆውን አስቀምጠው ዝናቡን ማየት ጀመሩ።

ልጅቷ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየች። ከዚያም ነገሩን በዝግታ አስረዳችኝ። እሷ ከመወለዷ በፊት ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ጠርጎ ወስዶታል፤ ሜዳው ባዶ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው። ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ግን የሚነግራት ሰው አጥታለች። ያን ዕለት እዚያ ከነበሩት ውስጥ በሕይወት ያሉት አጎቷ ብቻ ናቸው፤ ለቅዳሜው ፕሮግራም ደጋግማ ብትለምናቸውም እምቢ ብለዋታል።

«ልጄ፣ ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ሲባል አልሰማሽም?» አሉ ጋሽ ቱንቢ። «እናንተ ግን ሠራችሁለት። ጣራ አልብሳችሁ፣ ዘበኛ ቀጥራችሁ።»

እኔ ቀልድ መሆኑ አልገባኝም፤ እሷ ግን ሙዚየሙን ማለታቸው ገብቷት ፈገግ አለች። «ክረምቱ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚቀር ቢሆን ልክ ነበሩ ጋሼ። ወንዙ እኮ አሁንም እዚያው ነው።»

«አታሟርቺ።»

እዚህች ቃል ላይ ትንሽ ልቁም፤ የስንቱን አፍ ዘግታለችና። ስለ በሽታ የሚጠይቅ አሟረተ ይባላል፤ ስለ እሳት የሚያስጠነቅቅም አሟረተ ይባላል። ክፉን በስሙ ካልጠራነው የማይመጣ ይመስለናል። ይህን የምለው ሰዎቹን ሞኝ ለማድረግ አይደለም። ያልነኩት ቁስል ለጊዜው ያነሰ ያማል። ውስጥ ውስጡን ማመርቀዙ የሚታወቀው ግን ቆይቶ ነው።

ጋሽ ቱንቢም ሙግት አላጡም። ሐዘንን አደባባይ ማውጣት ነውር ነው፣ ልጆችም በጨዋታ ዕድሜያቸው የሞት ወሬ መስማት አይገባቸውም፣ የእሳቸው ትውልድ ሁሉን በሆዱ ይዞ ኖሯል አሉ። ደግሞስ ሜዳው ላይ አንድ ሰው ጎጆ ሲቀልስ ታይቷል ወይ? ሳይነገርም ሁሉም ያውቅ ነበር።

«አዎ፣ ያውቅ ነበር» አለች። «የሚያውቁት ግን እያለቁ ነው ጋሼ። እናንተ ዝም ብትሉም ትግባቡ ነበር። እኛ የወረስነው ዝምታውን ብቻ ነው። ለእናንተ መቃብር የሆነው ቦታ ለአዲስ መጪ ደልዳላ፣ ለመንገድ ቅርብ፣ ባለቤት የሌለው መሬት ነው። የትምህርት ቤቱ መሐንዲስ በበጋ መጥቶ ለክቶ ሄደ። ማን ነግሮት ይወቅ?»

«ልጄ ሲያበስረኝስ ምን ልበለው? የመጀመሪያ እንጀራውን ልርገምበት?»

«እርግማን የሚሆንበት ዝም ያሉት እንደሆነ ነው። እሱ ይገነባል፤ የሰው ልጆች ይገቡበታል። አንድ ቀን ውሃው ከወጣ፣ አባቴ እያወቀ ነበር ብሎ የሚኖረው እሱ ነው።»

ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ጋሽ ቱንቢ መሄድ ይችሉ ነበር፤ አልሄዱም። ይልቁንም ልጃቸው የማያውቀውን፣ የወንድማቸው ልጅም ሰምታው የማታውቀውን ነገር አወጡ። ከእሱ በፊት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ውሃው ከእጃቸው ላይ ነጥቆ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት ሁለተኛ ላያነሷት ተስማሙ፤ ባለቤታቸውም ቃላቸውን እንደጠበቁ ሞቱ።

«ባነሳት እንደገና ከእጄ የምትወጣ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

የወንድማቸው ልጅ ክርክሩን ተወችው፤ እጃቸውን ያዘች። እኔም ዕውቀቴን ሁሉ ይዤ አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ ቱንቢ ሲነሱ፣ የቅዳሜው ነገር በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቋት።

ከዚያስ ምን ጥቅም ተገኘ ለሚለኝ አንባቢ ልንገረው። የጀማሪዎቹ ክፍሎች ከገበያው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ተሠሩ፤ የሠራቸውም ያው ልጃቸው ነው፣ ውሉ አልፈረሰበትም። ታችኛው ሜዳ የኳስ መጫወቻ ሆነ፤ ሰማዩ ሲጠቁር ልጆቹ ማንም ሳይጠራቸው ይወጣሉ። ውሃው የደረሰበት ከፍታ በሜዳው ዙሪያ ባሉ ቤቶች ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተሰምሯል። ሌሎች አዛውንቶችም እሳቸውን አይተው ከተማዋ ስላየችው ሌላ መከራ፣ ስለ ቃጠሎና ስለ ወረርሽኝ መናገር ጀመሩ፤ አንዳንዱ ጨው ጨመር ቢያደርግበትም። ምክሬ አጭር ነው። ወጣቶች፣ የቤታችሁን አዛውንት ዛሬውኑ ጠይቁ። አዛውንቶችም፣ ልጆቻችሁን ከሐዘን እንጠብቅ ብላችሁ ከዕውቀት አታራቁቷቸው።

ይህን ሁሉ ብጽፍም፣ ያ ቅዳሜ ሲነሳ ትዝ የሚለኝ ሌላ ነው። አዳራሹ ሞልቷል፤ ልጃቸው አባቱን ለማጀብ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ጋሽ ቱንቢ ቆመው ዝናቡ እንዴት እንደጀመረ፣ ውሃው የትኛውን ቤት አልፎ የት እንደቆመ፣ ማን ማንን እንዳወጣ ተረጋግተው ተናገሩ። በመጨረሻ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «እህት ነበረችህ» አሉት።

ልጃቸው ስለ ሜዳውም ስለ ውሉም አልጠየቀም።

«ስንት ዓመቷ ነበር?» አለ።

«ፊደል ልትጀምር ነበር።»