የተዋጠችው «ከሆነ»

አንድ ማክሰኞ ጥዋት በሰፈራችን በኪርያት ኖርዳው የአውቶቡስ ፌርማታ አያ ምንይችልን የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው አገኘኋቸው። ጥቁር ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ። በማክሰኞ እንዲህ የለበሰ ሰው ወይ ሠርግ አለበት ወይ ለቅሶ፤ የሳቸው ፊት ግን የሁለቱንም አይመስልም ነበር።

«ደኅና አደሩ፣ አያ ምንይችል? ወዴት ነው እንዲህ አምሮብዎት?»

«እግዚሃር ይመስገን፣ መምህር። ያችን ወረቀት ልፈርም ወደ ሚሽታራ መሄዴ ነው። ፖሊስ ፊት እንደ ነገሩ ለብሶ አይቀረብም ብዬ። አንቱው አይደሉም ፈርመው ይገላገሉ ያሉኝ?»

እውነታቸውን ነው፣ ብያለሁ። እኔ ጎንደር አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬ፣ እዚህም ሃያ ዓመት ወላጅና ትምህርት ቤት ሳግባባ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሰፈሩ ሰው የዕብራይስጥ ወረቀት በደረሰው ቁጥር ወደ እኔ ይመጣል። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ዶራ ሰፈር ኤቪያታር የሚባል ወጣት አዲስ መኪናውን አቁሞ ሱቅ ይገባል። ሲመለስ ጎኗ ከዳር እስከ ዳር ተጭሮ ያገኛታል። ቀና ቢል ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አጠገቡ ቆመዋል። ጮኸባቸው። የአያ ምንይችል ዕብራይስጥ ከሰላምታ እምብዛም አያልፍም፤ የተቆጣ ሰው ሲያዩ ግን እንዳደጉበት ወግ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው «ሥሊኻ፣ ሥሊኻ» አሉ። ይቅርታ ማለታቸው ነው። ኤቪያታርም ጥፋተኛውን እጅ ከፍንጅ የያዘ መሰለውና ከሰሳቸው። ተጠርተው ተመረመሩ። በመጨረሻ አንድ ወረቀት መጣላቸው፤ ጥፋታቸውን አምነው ከፈረሙ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ነገሩ በስምምነት ይዘጋል የሚል።

አያ ምንይችልን ያስጨነቃቸው ፍርድ ቤቱ አልነበረም። ጥዋት ጥዋት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በሚያመላልስ ሚኒባስ ውስጥ አጃቢ ናቸው። ቀበቶ ያስራሉ፣ አፍንጫ ይጠርጋሉ፣ የጠፋ ጫማ ከወንበር ሥር ይፈልጋሉ። ልጆቹ «ሳባ» ይሏቸዋል፣ አያቴ እንደ ማለት። ክሱ ከመጣ ወዲህ ግን «ነገሩ እስኪለይ ቤትዎ ይቆዩ» ተብለው አምስት ሳምንት ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሚኒባሷ ስታልፍ ያያሉ።

«ዛሬ ብፈርም እሑድ ከልጆቼ ጋር ነኝ» አሉኝ፣ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ ብሎ።

ይህን ሲሉ የጎረቤታችን የባንች ልጅ ተሂላ ቦርሳዋን አንግታ ከተፍ አለች። ተሂላ እዚሁ ተወልዳ፣ ሕግ ተምራ፣ አሁን ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ሰው ጠበቃ በሚያቆመው መሥሪያ ቤት፣ በሳኔጎሪያ፣ የልምምድ ዓመቷን የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛዋ እንደ ታክሲ በየመንገዱ ዕብራይስጥ ያሳፍራል፤ አክብሮቷ ግን የእናቷ ነው።

«ሻሎም አባባ፣ ሻሎም ዶድ! ሠርግ አለ እንዴ?» እሳቸውን አባባ፣ እኔን ዶድ፣ አጎቴ ማለቷ ነው።

ነገርናት። የልጅቱ ፊት ተለዋወጠ።

«ሬጋ፣ ሬጋ፣ አንዴ ቆዩ። አባባ፣ መኪናውን ጭረውታል?»

«እግዚሃር ያሳይሽ! እኔ የሰው ንብረት የምጭር ሰው ነኝ?»

«ታዲያ ለምን ይፈርማሉ?»

አያ ምንይችል በትዕግሥት፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ስሚኝ ልጄ። ባገራችን ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይቀመጣል። ያጠፋውም ያላጠፋውም ተነሥቶ አጥፍቻለሁ ይላል። ጉልበት ይሳማል፣ አብሮ ይበላል፣ ያልቃል። እኔ ንጹሕ ነኝ እያለ የሚገተር ሰው ነገር የሚወድ፣ ትዕቢተኛ ነው። ይኸ ልጅ መኪናው ተጭሮበት አዝኗል። አጠፋሁ ብለው ምን ይቀርብኛል?»

እኔም ጣልቃ ገባሁ። «ተሂላ፣ ነገር ማብረድ ያዋጣል። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ ሄስዴር ነው የሚለው፣ ስምምነት ነው።»

«ዶድ፣ ሁለተኛውን ገጽ አነበቡት?»

አላነበብኩትም። መነጽሬ ቤት ነበረ፤ ደግሞም ርእሱን ያነበበ ሰው የቀረውን ይገምታል ብዬ ነበር። ሳልኩ።

አያ ምንይችል ወረቀቱን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ሰጧት። ቆማ አነበበችልን፤ ዕብራይስጡን ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ አንዳንዴ ቃል እየጠፋት እኔን እየጠየቀች። «ሆን ብዬ ንብረት ማበላሸቴን አምናለሁ ይላል። እምነቱ በሚሽታራ መዝገብ ይቀመጣል ይላል። አባባ፣ የሚኒባሱ ኃላፊ ማን ናት?»

«ሚሬት። ነገሩ ይለቅና ና ብላኛለች።»

«ሚሬት ስታነበው የምታገኘው፣ ይህ ሰው በንዴት የሰው መኪና እንደ ጫረ አምኗል የሚል ነው። ከትንንሽ ልጆች ጋር ታስቀምጥዎታለች?»

አውቶቡሱ መጣ። አልተነሣንም፤ ሄደ።

«ሚሬት ታውቀኛለች» አሉ፣ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል።

«ታውቅዎታለች። ያገራችሁ ሽማግሌዎችም ያውቁ ነበር። ይቅርታዎን ሲሰሙ አባትዎንም እርስዎንም ያውቃሉ፤ ለክብር ያሉትን ለክብር ይሰሙታል። እዚህ ግን ይቅርታዎን የሚሰማው ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ትሕትና አያውቅም፣ ያሉትን እንዳለ ይይዛል።»

«እግዚሃር ያውቃል፣ ልጄ።»

«እሱማ ያውቃል፤ ሾፌቱ ግን ካልነገሩት አያውቅም።»

እዚህ ላይ ሳቅ አመለጠኝ፤ ዳኛውን ከፈጣሪ ጋር ማወዳደሯ ነው። አያ ምንይችልም ፈገግ አሉ፤ ነገር ግን ቶሎ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ሚሽታራ መንግሥት ነው። መንግሥት ዝም ብሎ ይሳሳታል?»

«ማ ፒትኦም፣ ምን ማለትዎ ነው! መንግሥትም ሰው ነው፣ አባባ። የመረመርዎት ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ጥዋት አሥር ፋይል ጠረጴዛው ላይ ኖሮ ይሆናል። እስኪ ይንገሩኝ፣ መኪናው በተጫረበት ሰዓት የት ነበሩ?»

«ሚኒባስ ውስጥ ነዋ! ልጆቹን አውርጄ፣ ሾፌሩ ቶመር እዚያ ጥግ አወረደኝ። እግሬ መሬት ሲነካ ያ ልጅ መኪናው ተጭሮ ይጮሃል።»

ተሂላ ጠጋ አለቻቸው። «ይህን ለመርማሪው ነገሩት?»

«አልጠየቀኝማ!»

«ለምን አልጠየቀዎትም?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ይቅርታ ብለዋላ! ይቅርታ ያለን ሰው የት ነበርክ ብሎ ማን ይጠይቃል? ጥያቄው እዚያው አለቀ። አሁን ደግሞ ከፈረሙ መኪናውን የጫረውን የሚፈልግ ሰው አይኖርም። ኤቪያታር ከዘራ የያዘ ሽማግሌያችንን ባየ ቁጥር ይጠረጥራል። ነገ ሌላ አባት ይጠራል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይላል፤ እሱም ይፈርማል። ለሰላም ብለው የሚፈርሙት ለሌላው ሰው ጠብ ነው።»

ሁለተኛው አውቶቡስ መጣ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀን። አያ ምንይችል ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ሂድ፣ ሂድ» ብለው በከዘራቸው አሰናበቱት። እኔም ያን ጊዜ የራሴን ነገር አሰብኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ስንቱን ሰው በአጥር ማዶ ሆኜ ፈርምና ተገላገል ብዬዋለሁ? አፈርኩ። አስተማሪ ሲያፍር ማንም እንዲያይበት አይወድም፤ ስለዚህ ጫማዬን እያየሁ «ምን ይሻላል?» አልኳት።

«ወረቀቱ እንደሚለው ምርመራው በድምፅ ተቀድቷል። አስተርጓሚው በስልክ ነበር። ቅጂውን እንጠይቃለን፤ ሰምተው የሚመሰክሩልን እርስዎ ነዎት፣ ዶድ። የኔ አማርኛ ለፍርድ አይበቃም።»

ከአሥር ቀን በኋላ ሦስታችንም በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጠን ቅጂውን ሰማን። ስልኩ ይንኮሻኮሻል። መርማሪው ይጠይቃል፣ አስተርጓሚው ያቀብላል። ከዚያ የአያ ምንይችል ድምፅ መጣ፣ ጥርት ብሎ፦ «አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። ያላደረግሁትን ግን አደረግሁ አልልም።»

አስተርጓሚውም በዕብራይስጥ፦ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ይላል» አለ። በቃ። «ከሆነ» የለችም፣ ሁለተኛውም ዓረፍተ ነገር የለም። መርማሪው የጻፈው ይህንኑ ነው።

ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። «ከሆነ ብለዋል! ከሆነ!» እያልኩ ጠረጴዛውን መታሁ። ጎረቤት ክፍል ያለች ጸሐፊ ምን መጣ ብላ ብቅ አለች። ንዴቱም ነበረ፣ ደስታው ግን ይበልጥ ነበር። በአንዲት ትንሽ ቃል አንድ ሰው ሙሉ ስሙን ሊያጣ ነበርና።

እኔ ቃል በቃል ተርጉሜ ፈረምኩ፤ ያኔ መነጽሬን አድርጌ፣ ሁሉንም ገጽ አንብቤ። ቶመርም ሽማግሌውን የት እንዳወረዳቸውና በስንት ሰዓት እንደ ሆነ መስክሮ ጻፈ። ተሂላ ሁለቱን አያይዛ ከአለቃዋ ጋር ለፖሊስ ላከች። በሦስተኛው ሳምንት መልሱ ሲመጣ ከመንገድ ማዶ እየሮጠች፣ በአንድ እጇ ወረቀቱን እያውለበለበች መጣች።

«ቲኩ ተዘጋ፣ አባባ! ፋይሉ ተዘጋ! ሖሴር አሽማ!»

«ደግሞ ምን ማለት ነው?» አሉ ደንግጠው።

«ጥፋት የለበትም ማለት ነው። ማስረጃ ጠፋ አይደለም፤ ጥፋት የለበትም ነው የሚለው። እኔ ነኝ እንደዚያ ይጻፍ ብዬ የለመንኩ።»

አያ ምንይችል ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት። ከዚያ ልጅቱን አቅፈው እንባቸው ወረደ፤ እየሳቁ። ባንች ከላይ ፎቅ በመስኮት እልል አለች፤ ምን እንደ ሆነ ሳታውቅ።

እሑድ ጥዋት ሚኒባሷ ጋ ሄጄ ነበር፤ እንዲያው ለማየት። በሩ ሲከፈት ውስጡ «ሳባ! ሳባ!» በሚል ጩኸት ተሞላ። አንዲት ትንሽ ልጅ ሌላ ሰው ቀበቶዋን እንዳያስር እጆቿን አጣምራ ቁጭ ብላ ነበር። ኤቪያታርም እዚያው መጣ። ፋይሉ በምን እንደ ተዘጋ ተነግሮት ኖሮ፣ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ «ታዒቲ» አለ፤ ተሳስቻለሁ። እኔ አስተረጎምኩ። አያ ምንይችል እጁን ጨብጠው «የጫረብህን ሰው እግዚሃር ያግኝልህ፣ ልጄ። እኔም ዓይኔን ጥዬ እፈልግልሃለሁ» አሉት። ይህንንም አስተረጎምኩ፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ።

አሁን ሰሚ ከተገኘ ስለዚህ ጉዳይ የሚያወሩት አያ ምንይችል ራሳቸው ናቸው። ወደ ሽማግሌዎች ክበብ፣ ወደ ሞዓዶኑ፣ ከተሂላ ጋር ይሄዳሉ። «እኔ ትሕትና ተው አልላችሁም» ይላሉ። «እርስ በርሳችን ይቅር እንባባል፣ ደግ ነው። መርማሪ ፊት ግን መጀመሪያ ጠበቃ፣ ከዚያ ደኅና አስተርጓሚ፣ ከዚያ ነው ንግግር። ያልተነበበላችሁን አትፈርሙ። የት እንደ ነበራችሁ ባትጠየቁም ተናገሩ። እንዲህ ብናደርግ ንጹሑ ቤቱ ያድራል፣ ያጠፋውም ይፈለጋል፣ መርማሪውም ከስሕተት ይድናል፤ እሱም የሰው ልጅ ነውና።» ለመንግሥት ጠበቃ የቆሙ እስኪመስሉ ድረስ ነው የሚናገሩት።

ባለፈው ሐሙስ ልምምድ አደረግን። እኔን መርማሪ አደረጉኝ። ክራቫት አሥሬ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ አርባ የሚሆኑ ሽማግሌዎችና እናቶች ፊት ቆሜ አንድ ረጅም ወረቀት በዕብራይስጥ በፍጥነት አነበብኩ። እነዚህ ሰዎች በየቢሮው «እሺ፣ ገባኝ» ሲሉ ለሃያ ዓመት ሰምቻለሁ፤ ሳይገባቸው፣ የሚያነጋግራቸውን ሰው እንዳያሳፍሩ ብለው። አንብቤ ጨረስኩና ድምፄን አጎርንኜ «ገባችሁ?» አልኩ።

አያ ምንይችል ከፊት ወንበር ዞር ብለው አዩዋቸው። ከዚያ አርባውም በአንድ ድምፅ፣ እየሳቁ፣ አንዳንዶቹ ከዘራ መሬት እየመቱ፣ «አልገባንም!» ብለው ጮኹብኝ።

እኔም ክራቫቴን አላልቼ፣ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ቀስ ብዬ በአማርኛ አስረዳኋቸው።