ሲስተር መኪያ ያነበቡት መስመር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አቶ ሙክታር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ባለቀናችን ሲስተር መኪያ፤

ሲስተር ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ወደዚህ የእንቅልፍ ምርመራ ክፍል የመጡ ዕለት ዶክተራችን «ማሽኑን እንሞክርብዎት፣ ትንሽ ጋደም ይበሉ» አሏቸው። እሳቸውም «እኔ ሰው እያየኝ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ። አራት ደቂቃ አልሞላም፤ ማንኮራፋታቸው ኮሪደር ድረስ ተሰማ። አይሳቁ ሲስተር፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ አለ!

ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ማታ ጫማ አድርጎ የሚራመድ ሰው ጠፋ። ጥበቃችን ገብረወልድ ስልኩ ሲጮኽ ምን እንደሚደርስበት ራሱ ይናገር። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ሲስተር ሰዓቱን ይመዘግባሉ፤ «ሰውዬውን የቀሰቀሰው ቦሌ ነው፣ በሽታው አይደለም» ብለው። «ዓይኔን አልከደንኩም» የሚላቸውንም «አምስት ሰዓት ከሩብ ተኝተዋል፤ ይኸው፣ አንጎልዎ መስክሯል» ይሉታል።

እኔ ግን ዛሬ ልናገር የተነሳሁት ስለ አንድ ሌሊት ነው። ባለጉዳዮቹ ፈቅደውልኛል።

ሰዲቅ ቦሌ ቡልቡላ ሱቅ ያለው፣ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ቀን ድምፁ አይሰማም። ተኝቶ ግን ይጮኻል፣ ይማታል። አንድ ሌሊት የባለቤቱን የራሕማን ጥርስ ሰበረ። «አላስታውስም» ቢል ማንም አላመነውም። ወንድሞቿ ወሰዷት፤ ፍቺ እንድትጠይቅም ቆርጠው ነበር።

ሰዲቅ ለምርመራ እኛ ዘንድ ሲያድር እኔ ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ሽቦዎቹን ጭንቅላቱ፣ አገጩና እግሩ ላይ ለጠፍን። መጀመሪያ ቀላሉ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ጥልቁ መጣ፤ የአንጎሉ ሞገድ ትልልቅና ዝግ ያለ ሆነ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ውስጥ ገባ። ያኔ አንጎል እንደነቃ ሰው ይሠራል፣ ዓይን ይሯሯጣል፤ ጡንቻ ግን ዝም ይላል፣ ያለዚያ ሕልማችንን ተነስተን እንሠራው ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ግን የሰዲቅ የአገጭ መስመር ዝም አላለም።

«ሽቦው ላልቷል» ብዬ ልጽፍ ስል ሲስተር እጄን ያዙኝ።

«ዕፀገነት፣ ሽቦው አይደለም። እስቲ የእግሩንም ተመልከቺ።»

ወዲያው ሰዲቅ አየሩን በቡጢ መምታት ጀመረ። ሲስተር ገብተው ከጎኑ ትራስ ደረደሩ፤ ስሙን ቀስ ብለው እየጠሩ ቀሰቀሱት።

«ወንድሜ፣ ምን አየህ?»

ላብ አጥምቆታል። «ራሕማን ሊወስዱብኝ መጡ» አላቸው። «እሷን እያስጣልኩ ነበር።»

ጠዋት ዶክተር መዝገቡን አይተው የእንቅልፍ በሽታ መሆኑን አረጋገጡ። ሲስተር ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ሰዲቅን አስፈቅደው ለራሕማ ደወሉ፤ ስትመጣ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጠው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አስረዷት።

«እያወቀ አይደለም ማለት ነው?» አለች።

«አያውቅም። የተሰበረው ግን ያንቺ ጥርስ ነው፤ ተመለሺ አልልሽም። እውነቱን አውቀሽ ወስኚ ብዬ ነው።»

ራሕማ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሰዲቅ ጨርሶ አልዳነም፤ መድኃኒት ይወስዳል፣ ሐኪም ይከታተለዋል፣ አልጋቸውም ለየብቻ ነው። ግን አንድ ቤት ናቸው።

ሲስተር፣ ያን ሌሊት እጄን ባይዙኝ ኖሮ በሁለት ቃል የሰው ትዳር አፍርሼ፣ ምንም ሳይመስለኝ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እርስዎም አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። አመሰግንዎታለሁ።

በሉ፣ ጁስም ይሁን ውኃ፣ ብርጭቋችንን እናንሳ። አቶ ሙክታር፣ አስራ አንድ ዓመት እርስዎ የካ አባዶ ብቻዎን እራት ሲበሉ፣ ባለቤትዎ የማያውቋቸውን ሰዎች እንቅልፍ ይጠብቁ ነበር። ዛሬ መለስንልዎ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ከነገ ጀምሮ እራት ለሁለት ይቅረብ።

ለሲስተር መኪያ!