በሕይወት ሳሉ የተለቀሰላቸው ወይዘሮ ትርፌ ጠና

ከሀቢቾ፣ ከዱራሜና ከአዲሎ ድረስ መንገድ ቆርጣችሁ፣ ከዚሁ ከሆሳዕናም ሥራችሁን ትታችሁ በሐዘናችን አብራችሁን የተቀመጣችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። የእህታችንን የወይዘሮ ትርፌ ጠናን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ የታዘዝኩት የአክስታቸው ልጅ ኤሊያስ ነኝ። ከታሪኩ ውስጥ ከፊሉ ለቤተሰብ ክብር ሲባል ቢቀር ይሻላል ያሉኝ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ወይዘሮ ትርፌ ግን በታመሙበት አልጋ ላይ ሆነው፣ «ኤሊያስ፣ አሳምረህ አትጻፈኝ፤ የሆነውን እንደሆነ አንብብላቸው» ብለውኝ ስለ ነበር፣ የሟች ቃል ይከበር ዘንድ ሳልጨምርና ሳልቀንስ አነባለሁ።

ወይዘሮ ትርፌ ከአባታቸው ከአቶ ጠናና ከእናታቸው ከወይዘሮ አየለች በ1942 ዓ.ም. በሀቢቾ አካባቢ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለ ነበሩ፣ እናታቸው ወደ እርሻና ወደ ገበያ ሲሄዱ ታናሽ ወንድማቸውን ሳህሉን በጀርባቸው አዝለው፣ ሲያለቅስ እያባበሉ፣ ሲርበው እያጎረሱ ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሆሳዕና በሚኖሩ አክስታቸው፣ ማለትም በእናቴ ቤት ተቀምጠው በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፤ ከዚያም እዚያው ለሴቶች ይሰጥ የነበረውን የልብስ ስፌት ሙያ ቀስመው፣ በገበያው አጠገብ አንድ በረንዳ ተከራይተው መስፋት ጀመሩ። በቤታችን ሲስቁ ከሩቅ የሚሰሙ፣ በጸሎት ቤት መዝሙር ሲጀመር ከሁሉ ቀድመው የሚያነሱ ሴት እንደ ነበሩ የምታስታውሱ ብዙዎች እዚህ አላችሁ።

በ1964 ዓ.ም. በአዲሎ መስመር የጭነት መኪና ያሽከረክሩ ከነበሩት ከአቶ ጥላዬ ጋር ተጋብተው፣ በ1967 ዓ.ም. ልጃቸውን ሂሩትን ወለዱ። ቤታቸውም የሞቀ፣ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ነበር። ነገር ግን ዘመኑ የዘመቻና የአፈሳ ዘመን ሆነና የአቶ ጥላዬ ባልንጀሮች የሆኑ ሾፌሮች አንድ በአንድ ወደ ግንባር ሲወሰዱ፣ እርሳቸውም ተራው የደረሳቸው መስሏቸው በ1971 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ሲሰናበቱም ሚስታቸውን በጓዳ በር ላይ ይዘው፣ «ሥራ እንደ ያዝኩ አስጠራሻለሁ፤ አንቺንና ልጄን ትቼ የት እደርሳለሁ?» አሏቸው። ወይዘሮ ትርፌም ይህን ቃል እንደ ሁለተኛ የጋብቻ ቃል ቆጥረው ተቀመጡ።

በእነዚያ የመጠበቅ ዓመታት ስለ አቶ ጥላዬ ወሬ ያመጡላቸው የነበሩት ወንድማቸው አቶ ሳህሉ ናቸው። አቶ ሳህሉ በዚያን ጊዜ ከአዲሎ ቡናና ዝንጅብል እየጫኑ እስከ ሞያሌ የሚነግዱ ሰው ስለ ነበሩ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ ሲመለሱ ወደ እህታቸው በረንዳ ጎራ ብለው፣ «እትዬ፣ ደኅና ነው፤ ቤት እየፈለገ ነው፤ ትንሽ ታገሺ» ይሏቸው ነበር። ወይዘሮ ትርፌም ይታገሡ ነበር። የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው በሚጸልዩበት በዚያ ጊዜ እንኳ፣ በየጸሎቱ መጨረሻ የባላቸውን ስም ሳያነሱ አሜን ብለው አያውቁም።

ትዕግሥታቸው ባለቀ ጊዜ ራሳቸው ለመሄድ ተነሡ። አቶ ሳህሉ አጥብቀው ተቃወሟቸው፤ መንገዱ ክፉ ነው፣ ሴት ብቻዋን አትወጣውም፣ ከተያዝሽ እስር ቤት ነው አሏቸው። ወይዘሮ ትርፌ ይህን ሁሉ ከወንድም ፍቅር የመጣ ምክር አድርገው ወሰዱት። በ1975 ዓ.ም. የስፌት መኪናቸውን ሸጠው፣ ስምንት ዓመት የሆናትን ሂሩትን ለእናታቸው አደራ ሰጥተው፣ ስደርስ አስወስዳታለሁ ብለው ተነሡ። በሻሸመኔና በዲላ አድርገው ሞያሌ ከደረሱ በኋላ ከቦረና ሴቶች ጋር ተመሳስለው ድንበሩን ተሻገሩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በረሃ በከብት መኪና ላይ ከከብቶቹ ጋር ተጭነው ናይሮቢ ገቡ።

ናይሮቢ ሲደርሱ የሚያውቁት የባላቸውን ስም ብቻ ስለ ነበር፣ ሐበሾች እሑድ እሑድ ለጸሎት የሚሰበሰቡበትን አዳራሽ ጠይቀው ሄዱ። በር ላይ ለቆሙት ሴቶች፣ «የጥላዬ ባለቤት ነኝ፤ ትርፌ እባላለሁ» ብለው ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ፣ ከሴቶቹ አንዷ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ሌላዋም አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ «ትርፌማ ሞታለች፤ ሁላችንም ተቀምጠን አልቅሰንላታል» አለች። ነገሩም እውነት ነበር። አቶ ጥላዬ ባለቤቴ በወሊድ ሞተች ብለው መርዶ ተቀብለው፣ ሐዘን ተቀምጠው፣ የስደተኛው ማኅበር ምግብና ውሃ እያመላለሰ አጽናንቷቸው ነበር። ከዚያም ዓመት ሳይሞላ፣ የዱራሜ ልጅ የሆኑትን፣ እንደ እርሳቸው በስደት የነበሩትን ወይዘሮ ገነቴን በዚያው ማኅበር ፊት አገቡ። ወይዘሮ ትርፌ ስለዚያች ሰዓት ሲነግሩኝ፣ «እግሬን አየሁት፤ መሬት ረግጫለሁ ወይ ብዬ» ብለውኛል።

ሴቶቹ ወደ አቶ ጥላዬ ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። ወይዘሮ ገነቴ በሩን ከፍተው እንግዳ መስለዋቸው አስቀመጧቸው። ብዙም ሳይቆዩ አቶ ጥላዬ ከሥራ ገቡ። ወይዘሮ ትርፌ ከድንጋጤ ብዛት አማርኛው ጠፍቶባቸው ባላቸውን በስማቸው ጠርተው በሀዲይኛ ሰላም አሏቸው። አቶ ጥላዬ ግን ከደጃፉ ሳያልፉ፣ «ይህችን ሴት አላውቃትም። ትርፌ አይደለችም፤ ትርፌ አገር ቤት ናት» አሉ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ ገነቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ «አገር ቤት ናት? ሞታለች ብለህ አብሬህ አላለቀስኩም?» አሉ። አቶ ጥላዬ ግን ፊታቸውን ወደ ወይዘሮ ትርፌ መልሰው፣ «ወንድምሽ ከመጀመሪያው ያውቃል። ተነጋግረን ነው። እርሱን ሄደሽ ጠይቂው» አሏቸው።

ወይዘሮ ትርፌ የባላቸው ክህደት እንዳቆሰላቸው፣ ይህ የመጨረሻው ቃል ግን እንደ ሰበራቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ይናገሩ ነበር። ባል ከሰው ቤት የመጣ ነው፤ ሳህሉ ግን ከጀርባዬ ነው የወረደው ይሉ ነበር። ለአራት ዓመት በረንዳቸው ላይ ሲያጽናናቸው የነበረው አፍ፣ ያችኑ ውሸት በየጉዞው እያደሰ ያመጣላቸው አፍ መሆኑን ማመን አቃታቸው።

ተመልሰው እንዳይመጡ ያለ ፈቃድ ከአገር የወጣን ሰው የሚጠብቀውን ያውቃሉ፤ የሚመለሱበትም ስንቅ አልነበራቸውም። ስለዚህ በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ ሥራ ፍለጋ ተነሡ። በመጀመሪያ በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ድንች እየላጡና ሰሐን እያጠቡ ቆዩ፤ ሌሊት የጸሎት አዳራሹ ወለል ላይ ያድሩ ነበር። ቀጥሎም በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ቁርጥራጭ ጨርቅ እንዲጠርጉ ተቀጠሩ። ስዋሂሊን የተማሩት እዚያ፣ መለኪያ ሜትሩን ይዘው ቁጥር ከሚጠሩት ሠራተኞች አፍ እየለቀሙ ነው። ከሰፊዎቹ አንዷ ስትታመም በእርሷ መኪና ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሡም። በዚያ አገር ሴትን በልጇ ስም መጥራት የተለመደ ነውና ሠራተኞቹ ሁሉ «ማማ ሂሩት» ይሏቸው ነበር። ስሙን ይወዱታል፤ በጠሯቸው ቁጥር ግን ልጃቸው ከእርሳቸው ጋር አለመሆኗ ይታወሳቸዋል። በሚመጣና በሚሄድ ነጋዴ እጅ ለሂሩት ቀሚስ እየሰፉ ይልኩ ነበር፤ ቁመቷን በግምት ስለሚቆርጡት አንዱ ሲጠብ ሌላው ሲሰፋ፣ እዚህ አያቷ እየፈቱና እያሳጠሩ ያለብሷት ነበር።

በ1977 ዓ.ም. አቶ ጥላዬ ለራሳቸው ብቻ ወደ ሌላ ሩቅ አገር የሚሄዱበትን መንገድ አግኝተው፣ ነፍሰ ጡር የነበሩትን ወይዘሮ ገነቴን ሳይሰናበቱ ጠፉ። ወይዘሮ ገነቴ ከወለዱ በኋላ ሕፃን ልጃቸውን ታቅፈው፣ የቤት ኪራይ አጥተው፣ ሊሄዱበት የሚችሉት ቤት ቢጠፋ ወይዘሮ ትርፌ ወደ ተከራዩት ክፍል ደጃፍ መጡ። በቤተሰባችን ውስጥ ወይዘሮ ትርፌ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏቸው ተብሎ ይወራል፤ እርሳቸው ግን እንዲህ አልነገሩኝም። «በሩን ስከፍት እርሷ መሆኗን አይቼ መልሼ ዘጋሁት። ሕፃኗ ስታለቅስ ግን መቀመጥ አልቻልኩም» ብለውኛል። ከፈቱላቸው። ለረጅም ጊዜም በአንድ ክፍል እየኖሩ ከሥራ በቀር ብዙ አይነጋገሩም ነበር። ወይዘሮ ትርፌ ይቆርጣሉ፣ ወይዘሮ ገነቴ ይዘመዝማሉ፤ ቀስ በቀስ አንድ ሰው ያታለላቸው ሁለት ሴቶች፣ ማንም የማይለያያቸው እህትማማቾች ሆኑ። የራሳቸውን ትንሽ ቤት ተከራይተው የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፉ ሕፃኗን ጣቢታን አሳደጉ፤ ጣቢታም ሁለቱንም እማዬ እያለች አደገች።

በ1982 ዓ.ም. ወይዘሮ ትርፌ በጡት ካንሰር ታመሙ። ሐኪሞቹ ዘግይቷል ባሏቸው ጊዜ፣ ወደ ልጄ ልሂድ አሉ። ለሚመለሱ ሰዎች በሚሰጠው ፈቃድ ወረቀት ተቀብለው፣ ወይዘሮ ገነቴ ሥራቸውን ዘግተው እስከ ሞያሌ ደግፈው አመጧቸው። ከድንበሩ ወዲህ መንገዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ከቤተሰቡ ስላልተገኘ፣ ሊቀበሏቸው የሄዱት አቶ ሳህሉ ነበሩ።

ወንድምና እህት በአንድ ጋቢና ጎን ለጎን ተቀምጠው ያቤሎን አለፉ። ከዚያ ወዲያ አቶ ሳህሉ መሪውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። «እትዬ፣ ጥላዬ ዝም ካልክልኝ አንተንም እወስድሃለሁ፣ ሥራ አስይዝሃለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። ወይዘሮ ትርፌ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «እኔንም ብሎኝ ነበር» አሉ። ይቅር ብለዋቸው እንደ ሆነ በኋላ ስጠይቃቸው፣ «ይቅር ብዬዋለሁ ብል እዋሻለሁ። ከቤቴ አትጥፋ ብዬዋለሁ» አሉኝ። አቶ ሳህሉም አልጠፉም፤ እህታቸውን በወገባቸው ይዘው የሚያነሡትና የሚያስተኙት፣ ወደ ሐኪም የሚያመላልሱት እርሳቸው ነበሩ። ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል፤ ይህ ሲነበብም ተነሥተው አልወጡም።

ሂሩት እናቷን ስታገኝ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ነበር። አያቷን እማዬ፣ ወላጅ እናቷን እርስዎ ትል ነበር። ዘመዶች ሊያርሟት ሲሞክሩ ወይዘሮ ትርፌ፣ «ተዉአት፤ የለመደችውን አትንጠቋት» አሏቸው። አንድ ቀን ግን ሂሩት ራሷ፣ «ለምን ጥለውኝ ሄዱ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ ትርፌ በእውነት ከመመለስ ሌላ አላወቁም፤ «ቶሎ የምወስድሽ መስሎኝ ነበር። እኔም የሰው ቃል አምኜ ነው የሄድኩት፤ አንቺም የእኔን ቃል አምነሽ ቀረሽ» አሏት። ልጅቷ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ከዚያ ቦታ አልራቀችም። እናቷ ባረፉበት በኅዳር 1983 ዓ.ም.፣ በዚያ ጠዋት፣ እጃቸውን የያዘችው እርሷ ነበረች።

በዚህ ጽሑፍ ራስ ላይ ስማቸው የማን ባለቤት ተብሎ ይጻፍ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ትርፌ ጠና በለኝ፤ ይበቃኛል» ስላሉ እንዲሁ ተጽፏል። አቶ ጥላዬ በሕይወት እንዳሉ እንሰማለን፤ የት እንደሚኖሩ ግን አናውቅም። ከአዲሎ መጥተው አብረውን ያለቀሱትን ቤተሰቦቻቸውን ከልብ እናመሰግናለን፤ በእነርሱ ላይ ቂም የለንም።

ወይዘሮ ትርፌ ጠና በአርባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ሲለዩ፣ እናታቸውን ወይዘሮ አየለችን፣ ልጃቸውን ሂሩትን፣ ወንድማቸውን አቶ ሳህሉን፣ በናይሮቢ ከተማ የዛሬውን ሐዘን ብቻቸውን የተቀመጡትን እህታቸውን ወይዘሮ ገነቴንና ሁለተኛ ልጃቸውን ጣቢታን ትተውልናል።

ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለሂሩትና ለጣቢታ አባት መሆንን፣ ለበደሉትም ንስሐን ከጌታ እንለምናለን። ሰው የገባላቸውን ቃል አልጠበቀላቸውም፤ የማይዋሽ አምላክ ግን የገባላቸውን ቃል ይፈጽምላቸው። አሜን።