ወይራው ሥር የተሰለፉት

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ነው። ጨው ጭኜ ቁይ ገበያ ስደርስ፣ ወይራው ሥር ሰው ተሰልፎ ተቀምጧል። እዚያ ቦታ ነበር የባሕር ማዶ በጎ አድራጊዎች በየገበያው ቀን በበቅሎ እየመጡ በነፃ የሚያክሙን፤ ተራ የሚጠብቁትን ልጆችም ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። የእኔንም ዓይን ሐኪማቸው አጥባልኛለች። ጣሊያን ግን ሁሉንም አባሯል። ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ልጅ ታቅፋ የተቀመጠችውን ሴት «እህቴ፣ ማንን ነው የምትጠብቁት? እነሱ እንደሆኑ ሄደዋል፤ አይመጡም» አልኳት።

«እናውቃለን» አለችኝ። «ቤቴ ብውል የዚህን ልጅ ትኩሳት ብቻዬን ነው የማየው። እዚህ ግን ሐኪሟ ያለችውን የሚያስታውስ አይጠፋም።» በአገጯ ወደ ፊት አሳየችኝ። አንዲት ልጃገረድ አፈሩ ላይ እየጻፈች ሕፃናቱን ሀሁ ታስቆጥራለች። ሐኪሟ ትቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ባዶውን ነው።

«አንቱንስ ምን አመመዎ?»

«ዓይኔን» አልኳት። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ከወደ መንገዱ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ሰልፉ በሙሉ ቀና አለ። አይመጡም ያልኩት እኔም አብሬ ቀና አልኩ።