ያላለቀሰችውም ትጥባ

ዘመኑ ፲፱፻፶፯ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩም ሰኔ ነበር። የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ሰኔ ከገባ በኋላ ያለ ካባ ከቤቱ አይወጣም፤ እኔ ግን አስተማሪ ነኝና ደመናን ንቄ ወጣሁ። ከገበያ ስመለስ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ዝናቡ ያዘኝ። ልብሴን ሰብስቤ ወደ ቅርቡ ጣሪያ ሮጥሁ። ጣሪያው የግብርናው አስተማሪ አበረ ጥንቸሎቹን የሚያኖርበት ዳስ ነው። ገና ፊቴን ሳልጠርግ አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን እየሳቡ ከኋላዬ ገቡ።

«ቤቶች! የዝናብ እንግዳ ተቀበሉ!» አሉ።

አያ አዝመራው ነበሩ። ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ ያለ ገበሬ ሁሉ በፈረስ እርባታቸው ያውቃቸዋል። ደግ ሰው ናቸው፤ ያመኑበትን ነገር ግን በስምንት በሬ ቢስቧቸው አይለቁም። ድንቻቸውን ሸጠው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው ዝናቡ ያገኛቸው።

አበረ ከመሬት ተንበርክኮ ነበር። የዳንግላ ልጅ ነው፤ የግብርና ትምህርቱን ጨርሶ እኛ ዘንድ ከተመደበ ገና ዓመት አልሞላውም። በአንድ እጁ እናት ጥንቸሏን ደግፎ፣ በሌላው ገና ጠጉር ያላበቀለች፣ ቆዳዋ የተሸበሸበ ልጇን ከጡቷ ሥር አስጠግቷል። የቀሩት ልጆቿ በቅርጫት ውስጥ ተራቸውን እየጠበቁ ይተራመሳሉ።

«በስመ አብ!» አሉ አያ አዝመራው። «አንተ ልጅ፣ አስተማሪ ነህ ሲሉኝ የአውሬ ሞግዚት ሆነህ አገኘሁህ?»

«እንደምን ዋሉ አያ አዝመራው? እጄ ተይዞ ነውና ተነሥቼ ባለመቀበሌ ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ይኸ እኮ የማይበላ ነው! ያመሰኳል እንጂ ሰኮናው አልተሰነጠቀም ይላሉ ቄሶቹ። ለማይበላ ነገር ይኸን ያህል መንበርከክ ምን የሚሉት ነው?»

«ፈረስዎንስ ይበሉታል?»

ሽማግሌው ሳቁ። «አፍህሳ ሹል ነው! ፈረስ ይጋለባል፤ ይጫናል።»

«የእነዚህም በጠጥ ያንን የጎመን መደብ አወፍሯል። ተማሪዎቹም የእንስሳ አያያዝ ይማሩባቸዋል። እንዲበሉ ማንም አላላቸውም።»

«ይሁን፤ እናቲቱን ያዝ። ይህችን ጭራሮ ግን ተዋት። ሟች ናት፣ ዓይኔ አይስትም። የተወለደ ሁሉ አያድግም። ድንችም ተጠጋግቶ ሲበቅል ከመካከሉ እየተነቀለ ይሳሳል።»

ይህ ክርክር የዋዛ አይደለም። ገበሬ ከማሳው የተማረውን ነገር በመጽሐፍ ብቻ የሚያስለቅቅ ሰው ገና አላየሁም። አበረ ግን ፊቱን አላኮሳተረም።

«አያ፣ ድንቹን የሚያሳሱት አጥንተው ነው ወይስ ሳያዩ?»

«አይቼ ነው እንጂ!»

«እኔም አየሁ። ይህች በሽታ የለባትም፤ ትንሽ መሆኗ ብቻ ነው። ጥንቸል ልጆቿን በቀን አንድ ጊዜ ነው የምታጠባው፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ፤ እሱም ለጥቂት ጊዜ ነው። ብርቱዎቹ ይጋፉና ጡቱን ይይዛሉ። ደካማዋ እስክትደርስ እናቲቱ ተነሥታ ትሄዳለች። ዛሬ ስላልጠባች ነገ ይብስ ትደክማለች፤ ስለደከመች ደግሞ አሁንም አትጠባም። የገደላት ማነው? መድከሟ ነው ወይስ ተራ ማጣቷ?»

«ታዲያ ለምን አትጮኽም? ያላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጠውም ብለዋል አባቶች። ሕይወት ያለው ነገር ይጠይቃል። ያልጠየቀ አልፈለገም።»

«ለመጮኽም ጉልበት ያስፈልጋል እኮ፣ አያ።»

አያ አዝመራው ክርክሩን ያሸነፉ መስሏቸው ወገባቸውን ይዘው ቀጠሉ።

«እኔም ቤት ያለው ይኸው ነው። የልጄ የደሴ ሚስት፣ ካሳነሽ፣ መንታ ወልዳለች። ወንዱ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮኻል፤ ጡቱን ይቀበላል። ሴቲቱ ግን ጨዋ ናት። ውላ አድራ ትተኛለች። እናቷ ልትቀሰቅሳት ብትል እኔ ነኝ የከለከልኋት። የተኛ ሕፃን ማርያም እያጫወተችው ነው፣ አይነካም አልሁ።»

የአበረ እጅ ቀጥ አለ። እኔም ካባ ሳልይዝ በመውጣቴ ስበሳጭ ቆይቼ ዝናቡን ረሳሁት።

«መቼ መቼ ትጠባለች?» አለ አበረ።

«ስታለቅስ ነዋ።»

«ታለቅሳለች?»

«አታለቅስም አልሁህ እኮ!»

የተናገሩት ነገር ለጆሯቸው እንግዳ የሆነ ይመስል ነበር።

«ሰውነቷስ እንዴት ነው?»

«ከወንድሟ ታንሳለች። ፊቷ ተጨማዶ የአሮጊት ፊት መስሏል። ቅቤ እናስውጣታለን።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እንግዳ ናት፣ ልጄ። ለሚሄድ እንግዳ ልብ አይሰጡም። እኔ ከዚህ በፊት ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ፤ አውቀዋለሁ።»

እስካሁን ግትርነት መስሎኝ የነበረው ነገር ፍርሃት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። አዘንሁላቸው። ቢሆንም ማዘን ሌላ፣ ዝም ማለት ሌላ ነው፤ ልጅቱ ቤት ውስጥ ጡት ሳይጎድል በረኃብ እየሞተች ነበርና።

«አያ አዝመራው» አለ አበረ ቀስ ብሎ፤ «ባዝራዎ ደካማ ውርንጭላ ብትወልድ፣ ውርንጭላው ቆሞ መጥባት ቢያቅተው ምን ያደርጋሉ?»

«ይደገፋል እንጂ! ምን ይደረጋል? ሆዱን ከሥር ይዤ ወደ ጡቷ አስጠጋዋለሁ። በጎኑ ጭድ እጎዘጉዝለታለሁ። ይኸ ከኋላዬ የቆመው ዳማ እንደዚያ ነው ያደገው። ሲወለድ እግሩ አይጸናም ነበር።»

«ጠይቆዎት ነበር?»

«ፈረስ ምን ብሎ ይጠይቃል?»

«አልቅሶስ ነበር?»

ዳማው ራሱን ነቅንቆ ውሃውን በሁላችንም ላይ ረጨው፤ ማንም አልተቆጣውም።

«ውርንጭላውን እንግዳ ነው ብለው አልተዉትም» አለ አበረ። «የልጅዎ ልጅ ከውርንጭላ ታንሳለች?»

ንግግሩ ለሽማግሌ የሚባል አልነበረም፤ እኔም ደንግጬ አበረን ገላመጥሁት። እርሱ ግን አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጊዜ ስለሌላት ነው» አለ። ከዚያም ትንሿን ጥንቸል በመዳፉ ላይ አንጋሎ አሳያቸው። «እጅዎን አያስነኩ፤ ዓይንዎ ይበቃል። ሆዷን ይመልከቱ።»

የጥንቸል ልጅ ቆዳዋ ስስ ነውና የጠባችው ወተት ከሆዷ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። እኛ ስንገባ የተሸበሸበው ሆድ አሁን ተወጥሯል። አያ አዝመራው ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። በአገውኛ የሆነ ነገር ለራሳቸው አጉረመረሙና ቀና አሉ።

«የልጄ ልጅም ጡት አላጣችም ማለት ነው» አሉ። «ተራ ነው ያጣችው። እኔ ነኝ ተራዋን የወሰድሁባት።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምን ላድርግ? ንገሩኝ።»

እዚህ ላይ የንጽሕና ትምህርት የማስተምረው እኔም አፍ አገኘሁ። «በመጀመሪያ ትሙቅ» አልኋቸው። «እናቷ ገላዋ ላይ፣ በጉያዋ ትያዛት። የበረዳት ልጅ ቢያጠቧትም አይሆንላትም። ከዚያ ትቀስቅሳት። እግሯን ይነካኳት፣ ፊቷን ያብሱላት። ማርያም የጠገበን ሕፃን ጨዋታ አትነፍገውም፣ አይፍሩ።»

«ወንዱስ?»

«እርሱ ጉልበት አለው፤ ይጠብቃል» አለ አበረ። «እርሷ ትቅደም። ቀንም ሌሊትም፣ ሳታለቅስ ትጥባ። መሳብ ካቃታት እናቷ ወተቷን በንጹሕ ስኒ ታልብና በትንሽ ማንኪያ ጠብ ጠብ ታድርግላት። ቅቤና ውሃውን ይተዉ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ወደ ክሊኒክ ይውሰዷት።»

«ሴት ትቅደም ስል ጎረቤት ይሥቅብኛል።»

«ይሣቁ» አልሁ እኔ። ከዚህ የተሻለ ምክር አልመጣልኝም።

ዝናቡ ገና አላባራም። አያ አዝመራው ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ፈረሳቸውን ወደ ውጭ ሳቡ። «ያባራል፣ ትንሽ ይቆዩ» ብንላቸው፣ «እናንተ ናችሁ ጊዜ የላትም ያላችሁኝ!» ብለው ተቆጥተውን ሄዱ።

ጥቂት ቀናት አልፈው አበረ ፊቱ ጠቁሮ ወደ ክፍሌ መጣ። ትንሿ ጥንቸል ሞታለች። የዳሱ ጣሪያ አንጠባጥቦ ጎጆዋ ርሶ አድሯል፤ ወንድሞቿ ብርዱን ሲችሉት እርሷ አልቻለችም።

«አያ አዝመራው ይህን ከሰሙ አለቀ» አለኝ። «ሟች ናት አላልሁም? ይላሉ። ልጅቱንም ይተዋታል።»

«እንግዲያው አይስሙ።»

«አይሆንም። እኔ ያሳየኋቸውን ነገር እኔው እጨርሳለሁ። ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።»

እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን አልሄድም ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ ወሬውም ደስ የሚል አልነበረም። እርሱ ግን ቆርጦ ነበርና ተከተልሁት።

አያ አዝመራው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ኮርቻ ሲጠግኑ አገኘናቸው። የአራስ ቤት ነውና እኛም ከውጭ ተቀመጥን። አበረ ሰላምታውን እንደጨረሰ ነገሩን ሳያለባብስ ነገራቸው። ሽማግሌው መስፊያውን አስቀመጡ።

«ትጠባ ነበር?»

«እስከ መጨረሻው ቀን ትጠባ ነበር። መወፈርም ጀምራ ነበር።»

«ታዲያ ምን ገደላት?»

«ጣሪያው አፈሰሰ። ሣሩ ርሶ በረዳት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ መክደን ነበረብኝ።»

አያ አዝመራው ዓይናቸውን ወደ ራሳቸው ጣሪያ አነሡ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ በሩ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ካሳነሽ! የመኝታው ሣር ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው፣ አባባ!» አለች ካሳነሽ ከመጋረጃው ጀርባ።

«ከግድግዳው ራቂ! ግድግዳው ወዝቷል። ዛሬ ደሴን ጣሪያ ላይ አወጣዋለሁ።» ወደ አበረም ተመለሱ። «ማጥባቱ አልገደላትም። ጣሪያው ነው የገደላት። ታዲያ ጣሪያ ይከደናል እንጂ ማጥባት ይተዋል?»

አበረን ደስታም ኀፍረትም በአንድነት ያዙት። «ልጅቱስ?» አለ።

«በጉያዬ ናት» አለች ካሳነሽ። «ይደክማታል። ትንሽ ትስብና ታንቀላፋለች። እቀሰቅሳታለሁ፤ ደግሞ ትስባለች። የቀረውን በማንኪያ እሰጣታለሁ። ፊት እንኳ አባባ እሽ ቢሉኝ ልቀሰቅሳት ፈልጌ ነበር።»

«አዎን፣ እኔ ነኝ የከለከልኋት» አሉ አያ አዝመራው። «ትዳን አትዳን የፈጣሪ ነገር ነው። ርቧት ግን አትሞትም። እሱ የእኔ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ጉዳዩ የጥንቸል ብቻ አይደለም። በየቤቱ ዝም የሚል አለ። ከበጎቹ መካከል የሚገፋ ግልገል፣ ከልጆች መካከል የማይጠይቅ ልጅ አይጠፋም። ዝምታውን ጥጋብ ነው የምንል ከሆነ ብርቱውን አበርትተን ደካማውን እንቀብራለን። ደካማውን አስቀድሞ ማጥባት ግን ብርቱውን አይጎዳውም፤ ይህን የካሳነሽ ወንድ ልጅ መስክሯል፣ ተራውን እየጠበቀም ወፈረ። ሙቀት፣ ደረቅ መኝታ፣ ንጹሕ ስኒና ተራ ማክበር ከማንም ገበሬ አቅም በላይ አይደሉም።

ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እኔና አበረም ተጠርተን ነበር። አምሳለ ብለዋታል። ከወንድሟ አሁንም ታንሳለች፤ ጉንጯ ግን ሞልቷል። ድግሱ ላይ ከአዘና የመጣ አንድ አማች ከአያ አዝመራው አጠገብ ተቀምጦ ሚስቱ በቅርቡ እንደተገላገለች ይነግራቸው ነበር።

«የእኛውስ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያ» አለ ጠላውን እያነሣ። «ከተወለደ ጀምሮ ድምፁን አልሰማንም። ተኝቶ ይውላል።»

አያ አዝመራው ጠላውን ከእጁ ተቀበሉና መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ተነሥ» አሉት። «ቤትህ እንሂድ።»