ቁልፍ ሠሪው ያልከፈተው በር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ የጠፋብኝን ዕቃ መፈለግ ሆኗል። ያን ዕለት የጠፋው የመጻሕፍት ሣጥኔ ቁልፍ ነበርና ወደ ሰፈራችን ቁልፍ ሠሪ ሳዘግም፣ ሽማግሌውን ራሱን መንገድ ላይ አገኘሁት። በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘግቶ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ በንዴት ይገሰግሳል። ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የምትሠራው የወንድሙ ልጅ ከኋላው "አባባ፣ እባክዎ ይቁሙ!" እያለች ትከተለዋለች።

"መምህር፣ እንኳን አገኘሁዎት፤ ይፍረዱን!" አለኝ።

አንድ ግንብ ጥላ ሥር ቆመን ነገሩን አጫወተኝ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ገበያ ሳለች የስፌት መኪናዋ ተሰርቋል። በሩ ግን አልተሰበረም። ቁልፉን የሠራላት እሱ ነውና "ሌላ ማን ይከፍተዋል?" ብላ ከሰሰችው። ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥም መጥሪያ ደርሶታል።

"ታዲያ አሁን ወዴት ነው?"

"ወደ ቤቷ ነዋ! ያን በር በአንዲት ሽቦ ከፍቼ አሳያታለሁ። ማንም እንደሚከፍተው በዓይኗ ትይ!"

ሳቅ አመለጠኝና በሳል ሸፈንኩት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

"አባባ፣ በሩን ከፍተሃል ተብለው ተከሰው፣ ሄደው በሩን ሊከፍቱ ነው?"

ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ያስረዳው በእጁ ነው፤ ክርክር ላይ ብዙም አይደለም።

"እሺ፣ ዝም ብዬ ቤቴ እቀመጣለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"

"ይጠራል፤ እስኪጠራ የሚታሰሩት ግን እርስዎ ነዎት። ከቀሩ 'ሸሸ' ይባላሉ። በሰዓቱ ይሄዳሉ፤ ግን ብቻዎን አይደለም። ፍርድ ቤቱ አጠገብ በነጻ የሚያማክሩ ጠበቆች አሉ፤ ዛሬውኑ እናናግራቸው።"

"ጠበቃማ የሚይዘው ጥፋት ያለበት ነው! ሰው ምን ይለኛል?"

እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ እኔም ከሽማግሌው ጋር ነበርኩ። ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው "እሱስ ልክ ነው" ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

"መምህር፣ ጥርስዎን ሲያምዎ ራስዎ ይነቅሉታል?" አለችኝ። ወደ አጎቷ ዞረች። "አባባ ሲቆጡ ብዙ ይናገራሉ። 'ያን በር በሽቦ እከፍተዋለሁ' ብለው ጣቢያ ቢናገሩ ምን ተብሎ ይጻፋል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የሚያውቁትን ብቻ ይመልሱ፤ የማያውቁትን አላውቅም ይበሉ። ቃልዎ ተጽፎ ሳይነበብልዎ እንዳይፈርሙ። ልብስ ሰፊዋም ጋ አይሂዱ፤ ቢለምኗት 'አመነ'፣ ቢቆጧት 'ዛተ' ይባላል።"

ሽማግሌው ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ድምፁ ወረደ።

"ሌባ አለችኝ እኮ፣ ልጄ። ቁልፍ ሠሪ አንዴ ሌባ ከተባለ ማን በሩን ያሳየዋል?"

"ለዚህ እኮ ነው መጠንቀቅ ያለብዎ" አለች፣ ክንዱን ይዛ። "ማክሰኞ ረፋድ የት ነበሩ?"

"እኔ እንጃ። ሥራ ላይ።"

"የት ሥራ ላይ?"

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "ክሊኒኩ! የመድኃኒት ክፍሉ በር አልከፈት ብሎ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት እዚያ ነበርኩ። ዘበኛው ስገባም ስወጣም መዝግቦኛል።"

"ይኸው! በሽቦ ሊያስረዱ ሲሮጡ ይህን ረስተውት ነበር።"

ሦስታችንም ተያይዘን ሄድን፤ የእኔን ቁልፍ ያስታወሰው የለም። ጠበቃው የሽማግሌውን የማክሰኞ ውሎ እንዳይረሳ በጽሑፍ አሰፈረው፤ የዘበኛውን መዝገብም ፖሊስ እንዲያይ አመለከተ። በማግሥቱ ጣቢያ የሽማግሌው ቃል ተጽፎ ሲነበብለት "ወደ ቤቷ ይመላለስ ነበር" የሚል ገብቶበታል። ድሮ ቢሆን ይሉኝታ ይዞት ይፈርም ነበር። አሁን ግን በትሕትና "ይቅርታ፣ የሄድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ይስተካከልልኝ" አለ። ተስተካከለለት። በአራተኛው ቀን መዝገቡም ታየ፣ ዘበኛውም መሰከረ፤ ሽማግሌው በነጻ ተሰናበተ። የስፌት መኪናው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

"እውነት ራሷ ትወጣለች ስል ኖሬያለሁ" አለኝ በኋላ። "ለካ የሚረዳት ሰው ትፈልጋለች። ያን ቀን በሩን ከፍቼው ቢሆን ዛሬ የት ነበርኩ?"

እኔም እላለሁ፦ በሐሰት የተከሰሰ ሰው ንዴቱን ዋጥ አድርጎ የሕግ ሰው ቢያማክር፣ ውሎውን ቢያስታውስና ምስክሩን በጊዜ ቢፈልግ፣ ከእስር ይድናል፤ ከጎረቤቱም ጋር ቂም አይጋባም።

ይህንንም በዓይኔ አየሁ። ለሣጥኔ ቁልፍ ስሄድ ልብስ ሰፊዋ የሽማግሌው ሱቅ ደጃፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

"ጋሼ፣ በምን አፌ ልናገር?"

"ግቢ፣ ተቀመጪ" አላት። "ደንግጠሽ ነው። ያ በርሽ አዲስ ቁልፍ ይፈልጋል።"

በሳምንቱ ሠርቶላት ሦስት መክፈቻ አስረከባት፤ ቀኑንና የመክፈቻዎቹን ብዛት የጻፈበትን ደብተርም አቀረበላት። "ፈርሚልኝ። ፊርማው አንቺንም እኔንም ይጠብቀናል።"

ፈረመች። ከሦስቱ መክፈቻ አንዷን ለይታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"ይቺ እርስዎ ጋ ትቀመጥልኝ። የእኔ ቢጠፋብኝ ወደ ማን እሄዳለሁ?"

ሽማግሌው መክፈቻዋን አገላብጦ አያት። "እንግዲያው ይህንንም እንጽፈዋለን" አለ፤ መክፈቻዋን በመዳፉ እንደያዘ ደብተሩን ወደ እኔ አስጠጋልኝና እኔ ጻፍኩለት።